ኮምፒውተር ከመገጣጠም በፊት ኬዙን ይንኩ

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። አዲስ አበባ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን። ሶፋው ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ወራት ፈጅቶ አንድ በአንድ የተሰበሰበ ዕቃ ተደርድሯል፦ ማዘርቦርዱ ከአንድ ሱቅ፣ ፕሮሰሰሩ ከሌላ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከውጭ በሰው ሻንጣ የመጣ፣ ራሙ ደግሞ ከመርካቶ በፌስታል ተጠቅልሎ የተገዛ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። የሚገጣጥመው ወጣት ለብርዱ ብሎ ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ሹራብ ደርቧል፤ የሚራመደውም በካልሲ ነው። ከስፖንጅ ሶፋው ብድግ ይላል፣ ካቻቢቴ ፍለጋ መኝታ ቤት ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያም ራሙን ከፌስታሉ መዝዞ ወርቃማ ፒኖቹን በጣቶቹ እንደያዘ ወደ ስሎቱ ያስጠጋዋል። ብልጭታ አልታየም። ድምፅም አልተሰማም። ጣቱን የነዘረውም ነገር የለም።

ይህ ምሽት የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በየሰፈሩ በየመልኩ የሚደገም ነው። ያ ወጣት በዚያች ቅጽበት ራሙን አበላሽቶት ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አላበላሸውም» ነው። አንዳንዴ ግን አበላሽቶታል፤ የትኛው እንደሆነም ዕቃውን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። መፍትሔ ፍለጋ ወደ በይነ መረብ የሚሄድ ሰው ቶሎ የሚያገኘው ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ ፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ላይ ሰክተህ ብረቱን ንካ፣ የተጠራቀመብህ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል። ምክሩ የተጻፈው ግድግዳው ውስጥ የሚሠራ የመሬት ሽቦ ላለው ቤት ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው እንዲያ ባለ ቤት አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። ቺፕን ስታቲክ ከሚባለው ከዚህ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ የሚያድነው መሬቱ ሳይሆን በገጣጣሚው እጅ፣ በዕቃውና በኬዙ መካከል የቮልት ልዩነት አለመኖሩ ነው። ይህን ደግሞ የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ውስጥም፣ ያለ ምንም ወጪ፣ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃዎችን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መንካት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመነካካት ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ አንዱ ያተርፋል፣ ሌላው ይጎድለዋል። መፈተግ ይህን መነካካት ያበዛዋል እንጂ ለብቻው የሚፈጥረው ነገር የለም። ካልሲ ከምንጣፍ፣ ሹራብ ከሶፋ፣ ፕላስቲክ ከእጅ በተላቀቀ ቁጥር ሰውነት ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ጫማው ወይም ወለሉ ካላሳለፈው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቆያል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው በዕቃዎች ገጽ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ስለሚያርፍ ቻርጁ ቀስ እያለ ይፈሳል፤ አየሩ ሲደርቅ ግን ይህ መውጫ ይዘጋል። በአሜሪካ ወታደራዊ መመሪያ ላይ ሰፍሮ ለዓመታት በዘርፉ መጻሕፍት ሲጠቀስ የኖረ ሠንጠረዥ ልዩነቱን በቁጥር ያሳያል። ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው፣ የአየሩ እርጥበት ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን እስከ 35,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ እርጥበቱ ከ65 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ግን ወደ 1,500 ቮልት ይወርዳል። በደረቅ አየር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ብቻ 20,000 ቮልት፣ በስፖንጅ የተሞላ ወንበር ደግሞ 18,000 ቮልት ሊያስከትል ይችላል። እነዚህ የከፉ ሁኔታዎች መጠኖች ናቸው፤ የየዕለቱ ልክ ከዚህ ያንሳል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ማታ ብርድ ልብስ ሲገለጥ በጨለማው ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ያላየ፣ ሹራብ ሲያወልቅ ጠጉሩ ያልቆመበት ሰው ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ከዚህ ተነሥቶ «ክረምት ላይ ስጋት የለም» የሚል አለ። ይህ ግን ቆዳችን የሚሰማውንና ቺፑ የሚችለውን አንድ አድርጎ ማየት ነው።

ሰው የስታቲክ ንዝረትን የሚሰማው ሰውነቱ ላይ ያለው ቮልት ወደ 3,000 ሲጠጋ ነው። ከዚያ በታች ያለው ብልጭታ አይታይም፣ አይሰማም፣ አይነዝርም። መሐንዲሶች ቺፕ ሲፈትኑ የሰውን አካል የሚወክሉት በ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና በ1,500 ኦም ሬዚስተር ነው። በዚህ ልክ ሲሰላ፣ 3,000 ቮልት የያዘ ጣት አንድ ፒን ሲነካ በመጀመሪያው ቅጽበት ወደ 2 አምፒር የሚጠጋ ኮረንት ያሳልፋል፤ በአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ውስጥም ሁሉም ነገር አልቋል። ጉልበቱ አንድ ሚሊጁል እንኳ አይሞላም፤ ለሰው ከምንም አይቆጠርም። ቺፑ ውስጥ ያለው ነገር ግን እጅግ ስስ ነው። ኢንቴል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ባለ 90 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የትራንዚስተሩን መቆጣጠሪያ ከሲሊከኑ የሚለየው መከለያ ውፍረቱ 1.2 ናኖሜትር ነበር። ይህም አምስት አቶም ያህል ተደራርቦ ማለት ነው። ያ መከለያ የሚሠራበት ሲሊከን ዳይኦክሳይድ በአንድ ናኖሜትር ውፍረት የሚችለው ወደ 1 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ይበሳል፤ አንዴ ከተበሳም አይጠገንም።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ በእጃችን የነካነው ራም ሁሉ ለምን አልተቃጠለም? ምክንያቱም አምራቾች በየፒኑ ሥር የመከላከያ ዳዮዶችና ማስተንፈሻ ሰርኪቶች ይሠራሉ። ድንገት የመጣውን ኃይል ከስሱ ክፍል አዙረው በሌላ መንገድ ያሳልፉታል። ይህ መከላከያ ቦታ ይወስዳል፣ የመረጃ ፍጥነትንም ይጎትታል። ቺፖች እየፈጠኑና እየረቀቁ በሄዱ ቁጥር አምራቾች የቀድሞውን ያህል መከላከያ ማስገባት ከበዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ታላላቅ ቺፕ አምራቾች ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት የኢንዱስትሪው የስታቲክ ምክር ቤት፣ ለዓመታት እንደ ልማድ ተይዞ የቆየው የ2,000 ቮልት መስፈርት ወደ 1,000 እንዲወርድ ሐሳብ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። መከራከሪያው ግልጽ ነበር፦ ፋብሪካዎች የሠራተኛውን አካል ከ100 ቮልት በታች ማቆየት ስለቻሉ ቺፑ ከ1,000 ቮልት በላይ ጋሻ መሸከም አያስፈልገውም። ለፋብሪካ ይህ ትክክል ነው። ቤቱ ውስጥ የሚገጣጥም ሰው ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ አልነበረም። የክረምቱን 1,500 ቮልት አሁን ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። ከቺፑ የ1,000 ቮልት ጋሻ ይበልጣል፣ ከቆዳችን የ3,000 ቮልት መነሻ ያንሳል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሚደርስ ጉዳት ያለ ምንም ምልክት ይደርሳል። «አልነዘረኝም» የሚለው ማስተማመኛ ስለ ቺፑ የሚነግረን ነገር የለም።

እዚህ ላይ በጥገና ሥራ የኖሩ ሰዎች የሚያነሡት ከባድ ተቃውሞ አለ። ዓመታት ሙሉ በባዶ እጅ ስንፈታና ስንገጥም ኖረናል፣ በስታቲክ የሞተ ዕቃ አላየንም ይላሉ። ቃላቸው በከንቱ የሚጣል አይደለም። ካናዳ ውስጥ ሆነው የቴክኖሎጂ ቪዲዮ የሚሠሩት ላይነስ ሴባስቲያንና መህዲ ሳዳግዳር በአንድ ቪዲዮ ሆን ብለው የኮምፒውተር ዕቃዎችን በስታቲክ ብልጭታ ደጋግመው መትተው ነበር፤ ዕቃዎቹም ብዙ ምት ችለው መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ይህ ሊያስገርመን አይገባም። ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ቺፕ ለብቻው ከተቀመጠ ቺፕ የተሻለ ይቋቋማል፤ በቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮችና ሰፋፊ የመዳብ መስመሮች ቻርጁን ይካፈሉታል። የጥገና ሰው ደግሞ ሳያውቀው ራሱን ይጠብቃል። ሥራውን የሚጀምረው ኬዙን በሁለት እጁ ጎትቶ፣ የጎን ክዳኑን ፈትቶ፣ ብረቱን ጨብጦ ነው። ቻርጁ ራሙን ከመንካቱ በፊት ኬዙ ላይ አልቋል። ብዙ ዓመት ያለ ጉዳት የሠራው ይህን ቅደም ተከተል ሥራው ራሱ ስላስያዘው ነው። አዲስ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ኬዙን ገና ከካርቶኑ ሳያወጣ ራምና ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ጀማሪ ግን ያን ጥበቃ የለውም።

የዚህ ተቃውሞ ሁለተኛው ችግር የማስረጃው ዓይነት ነው። በስታቲክ የተበሳ መከለያ በዓይን አይታይም። ቺፑ ተፈትቶ፣ ሽፋኑ በኬሚካል ተገፎ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካልታየ በቀር ጉዳቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም። ይህን ደግሞ ሰፈር ያለ ጥገና ቤት አያደርገውም። ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲል ራሙ ይቀየራል፤ ከተነሣ «ራሙ ሞቶ ነው» ይባላል፤ ለምን እንደሞተ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ «በስታቲክ የሞተ አላየሁም» የሚለውም፣ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር «ስታቲክ ነው» የሚለውም ያላዩትን ነው የሚመሰክሩት። ከሁለቱ ይልቅ መታመን ያለበት ዕቃውን የሚሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛውን፣ ወለሉን፣ ወንበሩን፣ ጫማውን ሳይቀር ለመቆጣጠር ገንዘብ የሚያወጣው ኪሳራውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ስለቆጠረው ነው።

ከዚያም የዋጋ ጉዳይ አለ። ባደጉት ሀገሮች አንድ ራም ቢበላሽ በዋስትና ይመለሳል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ሌላ ይላካል። እዚህ አንድ ግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ የወራት ቁጠባ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ፣ ምናልባትም ያገለገለ፣ «ከተሸጠ በኋላ አይመለስም» ተብሎ የተሰጠ። አደጋው የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም ከደረሰ የሚካሰው የለም፤ መከላከያው ግን በነጻ ነው። እንዲህ ባለ ሒሳብ ላይ ጥንቃቄውን ትቶ ዕድልን መሞከር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መሬቱ ሽቦ። እዚህ ሀገር በሰፊው የሚሠራበት ክብ ሶኬት ከሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላ ከላይና ከታች ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉት። ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር በእነዚያ ምላሶች በኩል ነው የሚገናኘው። ምላሶቹ መኖራቸው ግን ከኋላቸው ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ ሽቦው ኖሮም ግቢው ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ሳይገናኝ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ሽቦው ቢኖር እንኳ መካከል ላይ የሚገባው ርካሽ ዲቫይደር ወይም ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርሱን ገመድ ወደ ክብ የሚቀይረው አዳፕተር መስመሩን ይቆርጠዋል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ለመሥራት ኧርዝ አያስፈልገውምና። ጉድለቱ የሚታወቀው ባዶ እግሩን ሊሾ ላይ የቆመ ሰው ኬዙን ሲነካ ነው፤ ስልል ያለ ንዝረት ጣቱን ይሰማዋል።

ያ ንዝረት ከየት ይመጣል? ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የጩኸት ማጣሪያ ከሁለቱ የመብራት መስመሮች ወደ ብረቱ ኬዝ የተዘረጉ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት። ሥራቸው የማያስፈልገውን ምልክት ወደ ኧርዝ ማፍሰስ ነው። ኧርዙ ሲጠፋ ግን ኬዙ በሁለቱ መስመሮች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የ220 ቮልት ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይይዛል። በሰው አካል የሚያልፈው ኮረንት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፒር በታች ስለሆነ ከመንዘር አያልፍም፤ ነገር ግን የእውነተኛ ብልሽት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ንዝረቱ ከጠነከረ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው መጠቀም አይገባም። ከዚህ የምንረዳው፣ «ፓወር ሰፕላዩን ሰክተህ ብረቱን ንካ» የሚለው ምክር ኧርዝ በሌለው ቤት ውስጥ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ተቃራኒ ውጤት የሚሰጥ መሆኑን ነው። ቻርጅ ይወርድበታል የተባለው ብረት ራሱ ቮልት ተሸክሟል። በዚያ ላይ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ይሰጣል፤ የኋላው ማብሪያ ሳይጠፋ ራም የሚሰካ ሰው ከስታቲክ በፊት በዚህ ሊያበላሽ ይችላል።

እንግዲህ ቁልፉ ነጥብ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈሰው የቮልት ልዩነት ባለበት ብቻ ነው። በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ያረፈች ወፍ ምንም የማትሆነው ሁለት እግሮቿ በአንድ ቮልት ላይ ስለሆኑ ነው፤ መሬቱ ከእርሷ ምን ያህል እንደሚርቅ ለውጥ አያመጣም። ገጣጣሚው፣ ኬዙና ማዘርቦርዱ ሦስቱም ከመሬት አንጻር 5,000 ቮልት ላይ ቢሆኑ እንኳ እርስ በርሳቸው እኩል ከሆኑ ቺፑን የሚያልፍ ነገር የለም። መሬት ለፋብሪካ የሚያስፈልገው ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ጠረጴዛና ብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ እኩል እንዲሆኑ የጋራ መነሻ ስለሚሻ ነው። አንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ሲገጥም የጋራ መነሻው ኬዙ ሊሆን ይችላል። ከመብራት የተነቀለ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባዶ የብረት ኬዝ በቂ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኬዙ ነው። ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ ይታሰር፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የእርሱ ብረትና የኬዙ ብረት አንድ ይሆናሉ። ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ ቀድሞ ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ከሆነም ከተነቀለ በኋላ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይቆይ፣ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ። ከዚያ ቀለም ያልተቀባውን ብረት በእጅ መያዝ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የኬዙን ጥቁር ጎን መንካት ዋስትና አይሰጥም፤ አስተማማኙ የኋላው የካርድ ማስገቢያ ዘንግ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ብሎን ነው። ማዘርቦርዱ ከከረጢቱ ሳይወጣ ከረጢቱ በአንድ እጅ ተይዞ ሌላው እጅ ኬዙን ይንካ፤ ሦስቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቦርዱ ጠርዙን ተይዞ ይወጣል፣ የራሱ የካርቶን ሣጥን ላይ ያርፋል። ራም በአጭሩ ጎኑና በላይኛው ጠርዙ ይያዛል፤ ወርቃማ ፒኖቹን ጣት አይንካቸው። ፕሮሰሰርም እንዲሁ በጠርዙ ነው። አንድ ጊዜ ነክቶ መጨረስ ግን አይበቃም። ከሶፋ በተነሡ፣ ምንጣፍ ላይ በተራመዱ፣ ሹራብ ባወለቁ ቁጥር ሰውነት እንደገና ይሞላል፤ ስለዚህ ወደ ሥራው በተመለሱ ቁጥር ዕቃ ከማንሣት በፊት ኬዙን መንካት ነው። አጠገብ ያለ ጓደኛ ራም ሲያቀብል ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ፤ እርሱም የራሱ ቻርጅ ይዟል። ራሙ ከእጁ ከመወሰዱ በፊት እጅ ለእጅ መነካካት፣ ወይም እርሱም ኬዙን እንዲነካ ማድረግ ይህን ይፈታዋል።

የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው አንቲስታቲክ ማሰሪያ ይህንኑ ያለ መርሳት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የሽቦው ጫፍ ባዶ ብረት ላይ ከተቆነጠጠ ሰውየውና ኬዙ ሁልጊዜ እኩል ናቸው፤ ኧርዝ ኖረም አልኖረም። «ከኤሌክትሪክ ጋር ታስሬ ብሞትስ?» የሚል ፍርሃት አለ፤ ተገቢ ፍርሃት ነው፣ መልስም አለው። ትክክለኛ ማሰሪያ ውስጡ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አለው። 220 ቮልት በስሕተት ቢያገኘው የሚያሳልፈው 0.22 ሚሊአምፒር ነው፤ ስታቲኩን ግን ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። አደገኛው ማሰሪያውን ለመተካት ተብሎ ባዶ የመዳብ ሽቦ እጅ ላይ ጠምጥሞ ከሶኬት ኧርዝ ወይም ከቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ሬዚስተር የለውም፤ ሶኬቱ በስሕተት የተገናኘ ከሆነ ሕይወት ይወስዳል፤ ቧንቧውም ፕላስቲክ ከሆነ ወደ መሬት የሚያወርደው ነገር የለም። ይህን ማንም እንዳይሞክር። ሽቦ አልባ ተብሎ የሚሸጠው ማሰሪያም ገንዘብ አይወጣበት፤ ቻርጅ መሄጃ መንገድ ከሌለው የትም አይሄድም።

እስካሁን የተነገረው ሰው ቻርጅ ይዞ ዕቃ ሲነካ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ዕቃው ራሱ ተሞልቶ ብረት ሲነካ። ራም ከስስ ፕላስቲክ ማሸጊያው ተንሸራትቶ ሲወጣ፣ ወይም ፌስታል ውስጥ ሲንገላታ ከርሞ ሲመዘዝ ቻርጁ ያለው ዕቃው ላይ ነው፤ በቀጥታ ከስሎት ወይም ከኬዝ ጋር ሲነካካ በሰው አካል በኩል ከሚያልፈው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይፈሳል። መሐንዲሶች ይህን ለብቻው የሚፈትኑት ለዚህ ነው። ፌስታል፣ ስፖንጅና ፌስታል መሰል ማሸጊያ ቻርጃቸው በመነካት አይወርድም፤ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ኬዙን አስነክቶ እኩል ማድረግ አይቻልም። መድኃኒቱ ማራቅ ነው፤ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከዕቃው ይራቁ። ከረጢቶቹም አንድ አይደሉም። ሮዝ መልክ ያለው ከረጢት ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም፣ ከውጭ የሚመጣውን ግን አያግድም። ብርማ መልክ ያለው በውስጡ ስስ የብረት ንጣፍ ስላለው ዕቃውን ከብቦ ይከላከላል፤ ይህንም የሚያደርገው ዕቃው ውስጡ ሲሆን ነው። ማዘርቦርድን ከከረጢቱ አውጥቶ ከረጢቱ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ካርቶኑ ይሻላል። አቧራ ለማጽዳት የቤት መጥረጊያ ማሽን አፍን ቦርዱ ላይ ማስጠጋትም መቅረት አለበት፤ በፕላስቲኩ አፍ ውስጥ የሚሮጠው አየርና አቧራ ቻርጅ ይፈጥራል።

ይህ ሁሉ ተጋኗል የሚል ሊኖር ይችላል፤ ኮምፒውተር የሚገድለው የመብራት መዋዠቅ፣ የታጠፈ የፕሮሰሰር ሶኬት ፒን፣ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ መሰካት ነው ይላል። በብዛት ረገድ ትክክል ነው። እነዚያ ግን ምልክት ይተዋሉ። የታጠፈ ፒን በእጅ መብራት ይታያል፣ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል፤ ባለቤቱም ቀጣዩን ጊዜ ይጠነቀቃል። ስታቲክ ምልክት ስለማይተው ከስሕተት መማር አይቻልም፤ የሚቻለው አስቀድሞ መልመድ ብቻ ነው። ያለቀለት ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህ ስጋት በአብዛኛው ነጻ ነው። ዓለም አቀፍ መስፈርቱ የተጠናቀቀ መሣሪያ በንክኪ 4,000፣ በአየር 8,000 ቮልት ብልጭታ እየተፈተነ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ስሱ ጊዜ ዕቃዎቹ ከከረጢት ወጥተው ኬዝ ውስጥ እስኪታሰሩ ያለው አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ለኧርዝ አልባ ቤት የሚቀር አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የስክሪኑ ኤችዲኤምአይ ገመድ ኮምፒውተሩም ስክሪኑም ከመብራት እንደተነቀሉ ይሰካ። በተንጠልጣዩ 110 ቮልት ምክንያት በሥራ ላይ እያሉ ማገናኘት ማስገቢያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ከአሜሪካ፣ ከካናዳ ወይም ከአውሮፓ ለወንድም ለእኅት ዕቃ የሚልኩ ወገኖችም እዚህ ድርሻ አላቸው። በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ የብርድ ወራት ማሞቂያው የሚያደርቀው የቤት አየር ከአዲስ አበባው ታኅሣሥ የባሰ ነው፤ ብዙ አፓርታማም ምንጣፍ የለበሰ ነው። ሻንጣ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ካርቶኑን መጣል ይቻላል፤ ብርማውን ከረጢት ግን መጣል አይገባም። ዕቃውን ከሹራብና ከብርድ ልብስ መካከል ያለ ከረጢት መወሸቅ ከሁሉም የከፋው አላላክ ነው።

የመጨረሻው ቃል ለሻጮች ነው። አዲስ ማዘርቦርድ፣ ራም ወይም ግራፊክስ ካርድ ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው ብርማ ከረጢት ካልተቀደደ በቀር ሥራው አላለቀም። እባካችሁ አትጣሉት፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡትና ያገለገለ ራም ስትሸጡ በእርሱ አድርጋችሁ ስጡ። ገዢዎችም በፌስታል አትቀበሉ፤ ከረጢት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ከሌላቸውም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።